ጎረቤቴን ያስኮረጅኩ ቀን

ዕድሜዬን የሚጠይቀኝ ሰው መልስ አያገኝም። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህማ ብሶብኛል። ስለዚህ ያቺ ልጅ ከዩኒቨርሲቲ መጥታ፣ ስለ እርጅና የሥነ ልቦና ጥናት እንደምትሠራና የደባርቅን አዛውንቶች እያነጋገረች እንደሆነ ስትነግረኝ፣ አዛውንት ከፈለግሽ ጎረቤት አለችልሽ አልኳት። ሳቀች። ጨዋ ልጅ ናት፤ ግን "እማማ" አለችኝ። በዚህ ከተማ ከባጃጅ ነጂው እስከ ቄሱ ድረስ "ቲቸር" ነው የሚለኝ፤ ግማሹን ማባዛት ያስተማርኩት እኔ ነኝ። እማማ! ጋቢ ስለደረብኩ ይሆናል። ደባርቅ ላይ ጋቢ የማይደርብ ማን አለ? ብርዱ እንደሆነ ለወጣትም አያዝንም።

ጎረቤቴ ጨርቅ ነጋዴ ናት። ወደ አዲ አርቃይ በሚወስደው መንገድ ዳር ጋቢ፣ ብርድ ልብስና አቡጀዲ ትሸጣለች። እሷ ሙስሊም ናት፣ እኔ ክርስቲያን። ከዳባት ተመድቤ ከመጣሁ ጀምሮ አንድ አጥር ነው የሚለየን። ስንጣላ በዚያ አጥር ላይ ነው፤ ስንታረቅም እዚያው። ባሎቻችንን በየተራ ቀብረን፣ ጥርሳችን በየተራ ወልቆ፣ እዚህ ደርሰናል።

ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን ነገሯ አላማረኝም። ሱቋን ከፍታ ትታ ቤቷ ትገባለች፤ ቁልፉን በእጇ ይዛ ቁልፍ ጠፋብኝ ብላ ሰፈሩን ታምሳለች። ይሄ ይሄስ ለእኔም አይቀርልኝ። አንድ ጠዋት ግን በአጥሩ ብቅ ብላ የባልሽ ሳል እንዴት ሆነ አለችኝ። ባሌ ከሞተ ስንት ክረምት አልፏል። ምን ልበላት? ተሽሎታል አልኳትና ገብቼ አለቀስኩ። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ልጇ የሚኖረው ጎንደር፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ እናትህ መርሳት ጀምራለች የሚል ወሬ ከሰማ መጥቶ ጠቅልሎ እንደሚወስዳት አውቃለሁ። እሷ ከሄደች እኔ ከማን ጋር ልጣላ?

ጥናቱ የተደረገው እኔ ቤት ነው። ልጅቷ አንድ በአንድ፣ ለብቻ ለብቻ ላነጋግራችሁ አለች። ሰውን ከእንግዳ ጋር ብቻውን ጥሎ መውጣት እኛ ዘንድ ነውር ነው፤ ሰው ምን ይላል? ልጅቷ የጥናቱ ደንብ ነው ብላ አስረዳች፣ ለመነች። እኛም በደንብ አዳመጥናት፤ ማናችንም ግን ከመቀመጫችን አልተነሳንም። መጨረሻ ላይ ተሸነፈች።

ከእኔ ተጀመረ። ከመቶ ጀምሬ ሰባት ሰባት እየቀነስኩ እንድወርድ አዘዘችኝ። የሒሳብ መምህርን! ጥቂት እንደወረድኩ ይበቃል ብትለኝም እኔ የጀመርኩትን አልተውም፤ ሁለት ላይ ደርሼ የሚቀነስ ሲጠፋ ነው ያቆምኩት። ጎረቤቴ ለልጅቷ፣ ሱቄ ስትመጣም እንደዚሁ ናት፣ ዋጋው እስኪያልቅ ነው የምታስቀንሰኝ አለቻት።

ቀጥሎ ማርጀቴ መቼ እንደታወቀኝ ጠየቀችኝ። እስቲ አሁን ይሄ ይጠየቃል? ግን መልሱ ነበረኝ። ሰው መከራከር ሲተወኝ ነው ያወቅኩት። ድሮ ስብሰባ ላይ አንድ ነገር ከተናገርኩ አዳራሹ ይናጥ ነበር። አሁን የማይረባ ነገር ብናገር እንኳ "ልክ ነዎት ቲቸር" ብለው ዘንቢሌን ይይዙልኛል። ልክ አይደለሽም የምትለኝ ጎረቤቴ ብቻ ናት። ይህን ስናገር እሷ፣ ዛሬም ልክ አይደለሽም አለችኝ።

ተራው የእሷ ሆነ። ልጅቷ እንቅልፍ ያስቸግርዎታል ወይ አለቻት። "አልሐምዱሊላህ።" ሐዘን ይሰማዎታል? "አልሐምዱሊላህ።" የሚያስፈራዎት ነገር አለ? "አልሐምዱሊላህ።" የልጅቷ ጣት ታብሌቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ፤ አዎ ይሁን አይደለም ይሁን አላወቀችም። እኔንም ስትጠይቀኝ እግዚአብሔር ይመስገን ነበር ያልኳት። ሌላ ምን ይባላል? እኛ አገር እግሩ ተሰብሮ የተኛ ሰው እንኳ መጀመሪያ የሚለው ደህና ነኝ ነው።

ከዚያ ያላሰብኩት የማስታወስ ፈተና መጣ። ሦስት ቃል ነገረቻት፤ በር፣ ፈረስ፣ ሎሚ። ሌላ ሌላውን ስትጠይቃት ቆይታ፣ እነዚያ ሦስት ቃላት ምን ነበሩ አለቻት። ጎረቤቴ ጣሪያ ጣሪያውን ታይ ጀመር። ኮራጅ ሳባርር የኖርኩት ሴትዮ ዓይኔን በሩ ላይ ተከልኩ። "በር" አለች። ልጓም እንደያዘ ሰው እጆቼን ወደ ደረቴ ሳብ ሳብ አደረግኩ። "ፈረስ።" ልጅቷ አቀርቅራ ስትጽፍ ደግሞ፣ እንደኮመጠጠው ሰው ፊቴን ጭምድድ አደረግኩት። ደገምኩት። ምራቄ ሁሉ መጣ።

ጎረቤቴ ፊቴን ረጋ ብላ አየችው።

"ተይኝ እስቲ" አለችኝ። ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞረች። "ልጄ፣ ጠፍቶኛል። በሩንም ፈረሱንም ያቀበለችኝ እሷ ናት። በቀደም የሞተ ባሏን እንዴት ሆነ ብዬ ብጠይቃት፣ ተሽሎታል አለችኝ። ኋላ ነው ትዝ ያለኝ፤ ለቅሶው ላይ አብሬያት ተቀምጬ ነበር እኮ። እፈራለሁ። ደህና ነኝ እያልኩ እፈራለሁ።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ራሷ የምታውቀውን ነገር እኔ የደበቅኩላት መስሎኝ ነበር። ለካ ፍርሃቷን ብቻዋን እንድትሸከመው ትቻታለሁ። እጇን ያዝኩት፤ እሷም አልነጠቀችኝም። ልጅቷ ታብሌቷን አስቀምጣ ቀስ ብላ አናገረቻት። ይህ ፈተና ብቻውን በሽታ አለ የለም አይልም፣ አንዳንዱ መርሳት በሕክምና ይስተካከላል፣ ግን ሐኪም ማየት አለበት፣ ከቤተሰብም አንድ ሰው ቢያውቅ ጥሩ ነው አለች። ጎረቤቴ እዚያው እኔ ቤት ሆና፣ ለልጇ ደወለችለትና ራሷ ነገረችው።

እሑድ ልጇ መጣ። እኔም ተዘጋጅቼ ነው የጠበቅኩት። ስለ ሦስተኛ ፎቅ፣ ስለ ደረጃው፣ ሰላም የምትለው ሰው ስለማጣቷ፣ ቁልፉን እኔ እንደምይዝላት፣ የሚገርም ንግግር አሰናድቼ፣ አዲሱን ነጠላዬን ለብሼ ቤቷ ገባሁ። አራተኛ ክፍል አስተምሬዋለሁ፤ እንደ ድሮው አፈጥበታለሁ ብዬ ነበር። እሱ ግን ብድግ ብሎ ወንበሩን ለቀቀልኝ። ክፍል አዘጋጅቶላታል፤ ሚስቱም እሺ ብላለች፤ ሆስፒታሉም ቅርብ ነው። ክፉ ልጅ ቢሆን እንዴት ይቀለኝ ነበር!

አፌን ሳልከፍት እናቱ ቀደመችኝ።

"ሐኪም ጋ ውሰደኝ፣ እሄዳለሁ" አለችው። "ግን መልሰኝ። አንተ ቤት ሆኜ አባትህን ብረሳው ማን ይነግረኛል? ሲሞት አንተ ሕፃን ነበርክ፤ ሚስትህ አታውቀውም። እኔ ወጣት ሆኜ ምን እመስል እንደነበር የሚያውቅ ከእሷ በቀር ማን ቀረኝ? እዚህ ሆኜ የረሳሁት ሁሉ እሷ ጋ አለ። እዚያ ከረሳሁት ግን ጠፋ ማለት ነው።"

ልጁ ወደ እኔ ዞሮ፣ "ቲቸር፣ እሷን መጠበቅ ይችላሉ?" አለኝ።

ያ ሁሉ ንግግር የት እንደገባ እንጃ። "እችላለሁ" ብቻ አልኩት። ከዚያ ባስተማርኩት ልጅ ፊት እንደ ሕፃን ተንሰቅስቄ አለቀስኩ።