ሰው የማያውቀው በር

የመሥሪያ ቤቱ በረኛ ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንጀራውን የበላው በጆሮው ነው። የጫማ ኮቴ ሰምቶ ሹምን ከባለጉዳይ ይለያል፤ ለአንዱ ከወንበሩ ዘሎ በሩን ይበረግዳል፣ ሌላውን «ነገ ተመለስ» ይለዋል።

ዘንድሮ ሰው ሲቀርብ በራሱ የሚከፈት የመስተዋት በር ተገጠመ።

«ታዲያ እኔ ልጆቼን ምን ላብላ?» አለ በረኛው።

«ሥልጣኔ ነዋ፣ አባባ! ዛሬውኑ ዕቃዎን ይሰብስቡ» አለው የሰው ኃይል ኃላፊው።

በሩ ግን ጉድ አፈላ። ለሹሙ እንደሚከፈተው ሁሉ ለሽንኩርት ሻጯም፣ ለተሸካሚውም፣ ለድመቷም ወለል ይል ጀመር። በሦስተኛው ቀን፣ ዓመት ሙሉ ደጅ የጠናች አንዲት መበለት ከዋና ሥራ አስኪያጁ እኩል ገብታ፣ አቤቱታዋን ሊፍት ውስጥ አሰማቻቸው።

«ይህ በር ሰው አያውቅም እንዴ?» ብለው ጮኹ ሥራ አስኪያጁ።

በማግስቱ ባለሙያ ተጠርቶ ከበሩ ጎን ማጥፊያ ገጠመ። ማጥፊያውን የሚይዝ፣ ሰው የሚያውቅ ሰው ተፈለገና በረኛው ከነወንበሩ ተመለሰ። ማሽን በረከት ያመጣል ይባላል፤ ይሁን፣ በረከቱ ለማን እንደሚደርስ የሚያውቀው ግን ጣቱን ማጥፊያው ላይ ያኖረው ነው።

ማታ በረኛው ቤት ሲገባ ሚስቱ ግራ ገባት። «በሩ በራሱ ከተከፈተ፣ አንተ ምን ልትሠራ ነው?»

«እንዳይከፈት እጠብቃለሁ።»

«ለዚህ ይከፍሉሃል?»

«ጨመሩልኝ እንጂ!»

«ተመስገን! ያቺ የነገርከኝ መበለትስ፣ ተሳካላት?»

በረኛው ጫማውን ለመፍታት አጎነበሰ።

«ዛሬ መጥታ ነበር» አለ፤ «ነገ ተመለሽ አልኳት።»