አባቴ ያልተረጎመው ፊልም

ባለፈው ክረምት መቱ፣ ወላጆቼ ቤት፣ ቁም ሣጥን ሳጸዳ አንድ የፊልም ሲዲ አገኘሁ። ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል። ሽፋኑ ላይ ፊቱን አረንጓዴ የተቀባ፣ ቀሚሱ እንደ ድንኳን የተነፋ ጨፋሪ አለ። ልስቅበት ፈልጌ አፈርኩ።

አባቴ ቀን ቀን ቡና መጋዘን ውስጥ ሚዛን ላይ ይሠራ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ገበያው አጠገብ ባለችው ቪዲዮ ቤት ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆሞ የህንድ ፊልም ይተረጉማል። ህንድኛ ግን አንዲት ቃል አያውቅም። ፊልሙን አስቀድሞ ሁለት ሦስት ጊዜ ያይና የመሰለውን ይፈጥራል፤ በአማርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ ይጨርሳል። ከጎረቤት ከተማ ከሁሩሙ ለገበያ የመጣ ሁሉ፣ የረጠበ ካፖርት በሚሸት ቆርቆሮ ቤት ተፋፍጎ፣ "ማል ጄዴ?" ይለዋል፤ ምን አለ ማለታቸው ነው። አባቴም ጉሮሮውን ጠርጎ ይዋሻል። ልጅቷ ስትዘፍን፣ እናቴ ብትፈቅድልኝ ዛሬውኑ አገባህ ነበር እያለችው ነው ይላል። ሴቶቹ ያለቅሳሉ። በኋላ እሱንም እነሱንም ናቅኳቸው።

በከተማው "ጋሼ አስተርጓሚ" ይሉታል። ኮሌጅ ስገባ ይህ ስም ያሳፍረኝ ጀመር። ሦስት ወር እንግሊዝኛ ተማርኩና ከቤታችን እውነት የሚያውቅ እኔ ብቻ መሰልኩ።

ከሚያስተምሩን አንዱ ህንዳዊ ነበር። አባቴ አይቶት የማያውቅ ፊልም ካለው እንዲያውሰኝ፣ ቅዳሜም መጥቶ አብሮን እንዲያይ ለመንኩት። ለምን እንደሆነ አልነገርኩትም። አባቴን በሰው ፊት ማጋለጥ ነበር የፈለግኩት፤ ሌላ የሚያምር ምክንያት አልነበረኝም።

ቅዳሜ፣ አባቴ አስቀድሞ እንዳያየው ፊልሙን በሰዓቱ ለባለ ቪዲዮ ቤቱ ሰጥቼ፣ መምህሩን ከፊት አስቀምጬ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ባለ ቪዲዮ ቤቱ ለእንግዳው ክብር ሻይ አስመጣ። ፊልሙ ተጀመረ። ድብድብ የለ፣ ማሳደድ የለ። አንድ ባለቅኔ በኩራዝ ብርሃን ይጽፋል፤ የጻፈውን ፊታቸውን የተቀቡ ሰዎች ዓይናቸውን እያጉረጠረጡ ይጨፍሩታል፤ እሱ ተመልሶ ይጽፋል። ጣሪያው ላይ የሚወርደው ዝናብ ከበሮውን ዋጠው። መምህሩ አፉን በመዳፉ ሸፍኖ አዛጋ።

"ማል ጄዴ?" አለ አንዱ ከኋላ።

አባቴ መምህሩን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ። እኔ ፈገግ አልኩ። ያቺን ፈገግታ ዛሬ ባገኛት በጥፊ እላት ነበር።

"ይኼንን አላውቀውም" አለ አባቴ።

ቤቱ ፉጨት በፉጨት ሆነ። አንዱ፣ ያለፉትንስ ታውቃቸው ኖሯል ወይ ብሎ ጠየቀው። ስንት ቅዳሜ በእሱ ቃል ያለቀሱት ሴቶች ሳቁበት። ያን የመሰለ ከሃዲ ሕዝብ አይቼ አላውቅም፤ ቀዳሚዋ ከሃዲ ደግሞ እኔ ነበርኩ። አባቴ ካፖርቱን ደርቦ ወደ ዝናቡ ወጣ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቪዲዮ ቤቱን አልረገጠም። ቤት ውስጥም ተረትና ቀልዱን ተወ፤ እራታችንን ዝም ብለን እንበላ ጀመር።

መምህሩን ስሸኝ ባለቅኔው ምን ይል እንደነበር ጠየቅኩት። እሱም እንዳልገባው ነገረኝ። ቋንቋው ሳንስክሪት የሚባል የጥንት ቋንቋ ነው፤ እንደ እናንተ ግዕዝ ያለ፣ ሊቃውንት ካልሆኑ የሚሰማው የለም አለኝ። ፊልሙም የዘመድ ስጦታ ሆኖበት እንጂ ጨርሶ አይቶት አያውቅም፤ እንዲያውም ውሰጂው አለኝ። አባቴ ያን ቀን ቢዋሽ ኖሮ በመቱ ምድር የሚይዘው ሰው አልነበረም ማለት ነው። ይህን ለአባቴ ሳልነግረው ኖርኩ። ከአፌ ሊወጣ ሲል ኩራቴ ይይዘው ነበር፤ ኩራት ከተባለ።

ዛሬ ቴሌቪዥኑ የውጭ ድራማ በአማርኛ እያናገረ ያቀርባል። ትርጉሙ ለዛ የለሽ ነው፤ አባቴን የሚያህል ውሸታም አላገኙም። እሱ ግን ዝም ብሎ ያየዋል። ከቁም ሣጥኑ ያገኘሁትን ሲዲ ይዤ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

"አባዬ፣ ያ መምህር እኮ እሱም አልገባውም ነበር" አልኩት።

ሲዲውን ተቀብሎ አገላበጠው። "አውቃለሁ። ሲያዛጋ አየሁታ።"

"ታዲያ ለምን አልተረጎምክም?"

"እሱንማ እዋሸው ነበር" አለ። "አንቺን ነው ያቃተኝ።"

ሲዲውን መለሰልኝና የቴሌቪዥኑን ድምፅ ጨመረ።