ጀርባቸውን ያዞሩት አሰልጣኝ

አቶ ናጋኩራ ሠላሳ አራት ዓመት የዓሣ ጀልባ ሞተር ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ ወጡ። ሚስታቸው ከሞቱ በኋላ የቀራቸው ነገር በወደባችን የልጆች ቤዝቦል ቡድን አሰልጣኝነት ብቻ ነበር። ቡድኑን ቢነጠቁ እሑዳቸው ባዶ እንደሚሆን እሳቸውም እኛም እናውቃለን። ያም ሆኖ የወላጆችን ልብ ለማለስለስ አንዲት ቃል አይናገሩም።

አጭርና አንገተ ወፍራም ናቸው። የግራ አውራ ጣታቸው ጥፍር የለውም፤ ሞተር ወስዶታል። ሲሳደቡ ድምፃቸው ከሜዳው ተነሥቶ እስከ በረዶ ፋብሪካው ይሰማል።

ከወላጆቹ ጋር ጠቡ የተነሣው በመጠበቅ ነው። በአሥርና በአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ኳስ አስተካክሎ መወርወር ይከብደዋል። ወርዋሪው አራት ጊዜ ካበላሸ ደግሞ መቺው ዱላውን ሳያነሣ በነጻ ወደ መጀመሪያው ማረፊያ ይሄዳል። ስለዚህ ብዙ አሰልጣኞች በእጃቸው «ጠብቅ» የሚል ምልክት ይሰጣሉ፤ ልጁም ከእያንዳንዱ ኳስ በፊት ወደ አሰልጣኙ ወንበር ዞር ብሎ ያያል።

በዚህ ከሁሉ የበለጠ የተካነው ኢቡኪ ነበር። ቀጭን ነው፤ መነጽሩ እንዳይወድቅበት በላስቲክ ያስረዋል። የጨዋታውን ደብተር የምይዘው እኔ ስለሆንኩ አውቃለሁ፤ በዚያ ጸደይ ሃያ ሁለት ጊዜ ለመምታት ቀርቦ አሥራ አራቱን በነጻ ሄዷል። እናቱ ቺናሚ የወላጆች ማኅበር ሊቀ መንበር ናት።

«ልጄ ዓይኑ ጥሩ ነው» ትላለች።

«ዓይን ለዓሣ ነጋዴ ነው» አሏት አቶ ናጋኩራ አንድ ቀን። «ልጅሽ መቺ አይደለም፤ አውቶቡስ ጠባቂ ነው።»

ልጆቹ በሳቅ ወደቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የኢቡኪ ስም «ፌርማታ» ሆነ።

የአቶ ናጋኩራ ሕግ አንድ ብቻ ነበር። ደህናዋን ኳስ ቆሞ እያየ ያሳለፈ ልጅ ሜዳውን አምስት ዙር ይሮጣል። ሰንዝሮ የሳተ አይቀጣም። አንዱ ልጅ በኃይል ሰንዝሮ ስቶ በቂጡ ቁጭ ሲል እንኳ «ቀጥል» ከማለት በቀር ምንም አላሉትም። አብዝቶ የሮጠው ኢቡኪ ነው። ሮጦ ሲጨርስ መነጽሩን በከናቴራው ይጠርግና ተመልሶ ይቆማል፤ ደግሞም አይሰነዝርም።

በጨዋታ ቀን ግን ሁሉም ልጆች ያው ወደ ወንበሩ ያያሉ። አቶ ናጋኩራ ምልክት ባይሰጡ እንኳ ፊታቸውን ያነቡታል። በግንቦት ወር አንድ እሑድ ተነሡና ወንበራቸውን ገልብጠው ጀርባቸውን ለሜዳው ሰጥተው ተቀመጡ።

እኛ ዘንድ ወደ ሜዳ ሲገባም ሲወጣም ለሜዳው እጅ ይነሣል። ለዳኛና ለባላጋራ ጀርባ መስጠት ታይቶም አይታወቅ። የእንግዳው ቡድን አሰልጣኝ ፊቱ ቀላ። ቺናሚ እየሮጠች መጣች።

«ምን ማለትዎ ነው? ሰው ምን ይለናል?»

«የመጡት ሊመቱ ነው ወይስ የእኔን ፊት ሊያዩ?»

«አሁኑኑ ይቅርታ ይጠይቁ!»

«አንቺ ሻይሽን ቅጂ።»

ሻዩን ተከለከሉ። እናቶች በየተራ ቀዝቃዛ የገብስ ሻይ ያመጣሉ፤ የመጀመሪያው ኩባያ የአሰልጣኝ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኩባያው በፊታቸው እያለፈ ይሄድ ጀመር። እሳቸውም የራሳቸውን ፔርሙስ ይዘው እየመጡ ሆን ብለው ድምፅ እያሰሙ ይጠጡ ነበር።

ማኅበሩ ደብዳቤ ጻፈላቸው፤ የሰኔውን ውድድር ከተሸነፍን ይሰናበታሉ። ደብዳቤውን አጣጥፈው ከሚወላገደው የወንበራቸው እግር ሥር አደረጉት።

በውድድሩ ቀን አንድ ነጥብ ተመርተን የመጨረሻው ተራ ደረሰ። ሦስቱም ማረፊያዎች ላይ ልጆቻችን ቆመዋል፤ አንድ መቺ ብቻ ቀርቶናል፤ እሱም ኢቡኪ ነው። የባላጋራው ወርዋሪ ደክሞታል፤ ከኢቡኪ በፊት የቀረቡት ሁለቱ መቺዎቻችን በነጻ ነው የሄዱት። ኢቡኪም ዝም ብሎ ቆሞ በነጻ ቢሄድ፣ ሦስተኛው ማረፊያ ላይ ያለው ልጃችን ቦታ ለቆ ይገባና በእሱ ነጥብ አቻ መሆናችን ነበር።

«ጠብቅ ኢቡኪ! እንዳትነቃነቅ!» ቺናሚ ከመረቡ ጀርባ ጮኸች።

ልጁ ወደ ወንበሩ ዞረ። ያየው ጀርባ ነው። እኔ ግን ጎናቸው ስለነበርኩ እጃቸው ጉልበታቸውን ጨምድዶ ይዞ ነጭ ሲሆን አየሁ።

የመጀመሪያዋ ኳስ ተበላሸች። ሁለተኛዋም። ሦስተኛዋ ዝቅ ብላ ጉልበቱ ጋ መጣች፤ ኢቡኪ ሰነዘረ። ደረቅ፣ ጥሩ ድምፅ ነበር። ኳሷ እንደ ተወጠረ ገመድ ቀጥ ብላ ሄደች። ሦስተኛውን ማረፊያ የሚጠብቀው የባላጋራው ልጅ ዘለለና መሬት ሳትነካ በጓንቱ ቀለባት። አለቀ።

ቺናሚ ልጆቹ እጅ እስኪነሡ እንኳ አልጠበቀችም።

«ሁለት ብልሽት ብቻ ነበር የቀረው! ሽማግሌ ናቸው ብለን ስንታገስዎ! የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ያምጡ!»

አቶ ናጋኩራ ተነሥተው ወደ ልጁ ሄዱ። «ስትሰነዝር ክርንህን ወደ ታች ጥለሃል» አሉት። «ለዚህ ነው የተያዘብህ።»

ኢቡኪ እያለቀሰ ቀና አለ። «አልጣልኩም!»

«ጥለሃል።»

«መቼ አዩ! ጀርባዎን ሰጥተው! ፈልጌያት ነው የመታኋት፤ በደንብ ነው የመታኋት! ምንም ሳያውቁ ሁልጊዜ ስድብ!»

«ኢቡኪ! አሰልጣኝ እንዲህ ይባላል?» አለች እናቱ።

«አንቺም ተዪኝ!»

አቶ ናጋኩራ አልሳቁም። «ያቺው ዝቅ ያለችው ደግማ ብትመጣስ?»

«እመታታለሁ!»

ኮፍያቸውን አወለቁና፣ ለዳኛ እንደሚደረገው፣ ጎንበስ ብለው እጅ ነሡት። ከዚያ ቁልፉን ከቺናሚ እግር ሥር አሸዋው ላይ ወረወሩት።

«በእጄ ይስጡኝ እንጂ!»

«ጎንበስ በይ» አሏትና ሄዱ። ደህና ይሁኑ ያላቸው የለም።

በሚቀጥለው እሑድ ከጓሮዬ ኪያር ቆርጬ በራቸውን አንኳኳሁ። ውስጥ የሬዲዮ ጨዋታ ይጮኻል።

«ማነው? ከማኅበሩ ከሆንሽ ተመለሺ።»

«ደብተሩን የምይዘው ነኝ።»

«የልጁን ኳስ ምን ብለሽ ጻፍሽ?»

«ተያዘ ብዬ ነው።»

«በደንብ የተመታ ብለሽ ጨምሪበት» አሉና፣ በሩን ሳይከፍቱ ሬዲዮውን ከፍ አደረጉት።