የሃያ አራቱ ክዳኖች ጣጣ

ጋሽ ሠላሳ ሁለት የሚሉት፣ የኋላ ጎማ ንፋስ ለክቶ በተነሳ ቁጥር «ሠላሳ ሁለት!» ብሎ ስለሚጮህ ነው። የፊቱን ሃያ ስምንት ሲያደርግ ግን ዝም ይላል፤ ለምን እንደሆነ ጠይቆት የሚያውቅ የለም። የሚሠራበት፣ ለፋርማሲዎች መድኃኒት የሚያደርሰው ድርጅት አሥራ ሁለት ሞተሮች አሉት። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ፣ ጋሽ ሠላሳ ሁለት ባለበት ቀን፣ አንዷም ሳትለካ ወጥታ አታውቅም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጠዋት ከሁሉም ቀድሞ ይገባና የሃያ አራቱንም ጎማ የቫልቮላ፣ የንፋስ መሙያውን አፍ፣ ክዳን እየፈታ ባዶ የቀለም ቆርቆሮ ውስጥ ይጥላል። ጎማውን መጀመሪያ በአውራ ጣቱ ይጫናል፣ ከዚያ በመለኪያው ያረጋግጣል። «ጣት ይጠረጥራል፣ መለኪያ ይፈርዳል» ይላል። የጎደለውን ሞልቶ፣ የተረፈውን አስተንፍሶ ሲያበቃ ከቆርቆሮው እጁ የገባለትን ክዳን እያነሳ ይገጥማል። ክዳን መቼም ክዳን ነው፤ አፍ ከዘጋ ሌላ ምን ይፈለግበታል?

ሚስቱን ለዓይን ሕክምና ሊወስድ አንድ ቀን ፈቃድ ወሰደ። በዚያችው ቀን ቴክኒሻን መጥቶ አዲስ መሣሪያ ገጥሞ ሄደ። በማግስቱ ከሰዓት ኃላፊው ጠርቶ ታብሌት አሳየው።

«ይኸው ጋሼ፣ የእያንዳንዱ ጎማ ንፋስ እዚህ ይታያል። አረንጓዴ ከሆነ ደህና ነው፣ ቀይ ከሆነ ችግር አለ። ከእንግዲህ መጎንበስ ቀረልዎ።»

«እና እኔ ምን ልሥራ?»

«ይህን ወር ከመሣሪያው ጋር አብራችሁ ትሠራላችሁ። እሱ ብቻውን ከቻለ፣ እርስዎ በር ላይ ይሆናሉ። ዘበኛችን ጡረታ ሊወጣ ነው።»

ማታ ለሚስቱ ነገራት። አንድ ዓይኗ በፋሻ እንደታሰረ፣ «በር ላይ ምን አለበት? ወንበር አለው» አለችው።

«ወንበሩን ማን ጠላ? ጎማ ሲያልፍ ቁጭ ብሎ ማየት ነው እንጂ የሚገድለው።»

«አንተ እኮ እኔንም ደህና ነሽ ወይ ብለህ ስትጠይቀኝ መጀመሪያ ትከሻዬን ጫን አድርገህ ነው።»

ያልነገራት ነገር ነበር፤ እሱም ገና አላወቀውም። ያን ዕለት ጠዋት፣ ታብሌቱን ሳያይ፣ እንደ ልማዱ ለክቶ ነበር። ክዳኖቹ ወፈር ወፈር ብለው ያብለጨልጩ ነበር። «ክዳኑንም ቀየሩት፣ እግዜር ይስጣቸው» አለ። በእያንዳንዱ ላይ ትንሽ ወረቀት ተለጥፏል። የዋጋ መስሎት ሁሉንም በጥፍሩ ልጦ፣ ክዳኖቹን በቤንዚን ወልውሎ፣ ቆርቆሮው ውስጥ ጨምሮ፣ እንደደረሰለት ገጠመ። ንፋሱን ለክቶ ለታብሌቱ የሚነግረው ክዳኑ ራሱ መሆኑን፣ እያንዳንዱም የየራሱ ጎማ እንዳለው ማንም አልነገረው።

መሣሪያው በተገጠመ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ኃላፊው ቀድሞት ገባ። ጋሽ ሠላሳ ሁለት ሲደርስ፣ አፏ ከሞተሯ የሚፈጥነው የሰባት ቁጥሯ ሞተረኛ የኮምፕሬሰሩን ቱቦ ይዛ የፊት ጎማዋ ሥር ቁጢጥ ብላለች።

«ጨምሪ! ሰባት ፊት አሁንም አሥራ አራት ነው የሚለው» ይላል ኃላፊው፣ ዓይኑን ከታብሌቱ ሳይነቅል።

«አለቃ፣ ጎማው ድንጋይ ሆነ እኮ! ራስዎ ይምቱት።»

«መሣሪያው ከእጄ ይበልጣል። ጨምሪ። ቆይ፣ አሥራ አንድ የኋላው ደግሞ በዝቶበታል!» ሮጦ የአሥራ አንድን የኋላ አስተነፈሰ። ይኼኔ አምስት ቀላች። ሰባትን በሞሉ ቁጥር አሥራ አንድ ታብጣለች፣ አሥራ አንድን ባስተነፈሱ ቁጥር አምስት ትከሳለች።

ጋሽ ሠላሳ ሁለት የሰባትን የፊት ክዳን ፈትቶ መለኪያውን አስገባ። ሃምሳ ሁለት! ከዚህ በላይ ቢሞላ ሊፈነዳ ይችላል።

«አሥራ አንድ ባዶ ሆነች!» ጮኸ ኃላፊው። ጋሽ ሠላሳ ሁለት ክዳኑን መልሶ ገጠመ። «ዳነች! ራሷን ጠገነች!» ፈታ። «ሞተች!» ገጠመ። «ዳነች!»

ጋሽ ሠላሳ ሁለት ክዳኑን አየ፣ ቆርቆሮውን አየ፣ የላጣቸው ወረቀቶች ትዝ አሉት። ዝም ቢል፣ ሁለት ቀን እንዲህ ከዋለ ታብሌቱ ወደ ካርቶኑ ይመለሳል፤ እሱም እዚሁ ይቀራል። ማንም አያውቅበትም።

«ሰባት አሁንም አሥራ አራት ነው፤ ጨምሪ» አለ ኃላፊው። ልጅቷ ፊቷን ወደ ጎማው አስጠግታ ቱቦውን አነሳች።

ጋሽ ሠላሳ ሁለት የኮምፕሬሰሩን ሶኬት ነቀለ።

«የጎደለው የሰባት አይደለም፣ አለቃ። ክዳኖቹን ያደባለቅኳቸው እኔ ነኝ።»

«የትኞቹን?»

«ሁሉንም።»

«ቁጥር የተጻፈባቸው ወረቀቶችስ?»

«ዋጋ መስሎኝ ላጥኳቸው።»

ልጅቷ ቱቦውን እንደያዘች መሬት ላይ ተቀምጣ በሳቅ ፈረሰች። ጋሽ ሠላሳ ሁለት ጎማዎቹን እየተጫነ ሄዶ የሦስት ቁጥርን የኋላ አገኘ፤ ሚስማር ውጦ ላሽቋል።

«አንድ በአንድ እየፈታን ታብሌቱ ላይ የማን ባዶ እንደሚሆን እንይ። በግማሽ ሰዓት ይለያል» አለ።

«እንዳይነኩ! ከቴክኒሻኑ በቀር ማንም ከፈታ ዋስትናው ይሰረዛል። እሱ ደግሞ ሰኞ ነው የሚመጣው።» ኃላፊው አሰበ። «ክዳኑ የማይነካ ከሆነ ጎማውን ከነቸርኬው እናዘዋውር። የሦስት የኋላ ለሰባት ፊት ይግባ።»

«ሰንሰለቱን ምን ላይ ልጠምጥመው፣ መሪው ላይ?» አለች ልጅቷ።

ያም ሆኖ ትእዛዝ ነውና ሦስት ሞተሮች ቸርኬያቸው ወልቆ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። አራት ሰዓት ላይ የፋርማሲዎቹ ስልክ መጮህ ጀመረ። ኃላፊው ሁለቱን አነሳ፤ ሦስተኛውን ሳያነሳ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ይፍቱ። እኔ አላየሁም።»

ሃያ አራቱም በግማሽ ሰዓት ቦታ ቦታቸው ገቡ። የሦስት ተለጠፈ፣ የሰባት ተነፈሰ፣ ታብሌቱ እውነቱን መናገር ጀመረ። መሣሪያው እንደሚችል ታወቀ፤ ያስቻለውም ጋሽ ሠላሳ ሁለት ነው። ወሩ ሳያልቅ፣ በማግስቱ፣ በር ላይ ተመደበ።

ወንበሩ እውነትም ጥሩ ነበር። ሰባት ቁጥር መጣች። በሩ ተከፍቶላት አልወጣችም፤ አንድ እግሯን መሬት አስነክታ ቆመች።

«ጋሼ፣ እስቲ ጫን አርግልኝ።»

«አረንጓዴ አይደለሽም እንዴ?»

«ትናንትም ሦስት አረንጓዴ ነበረች። የምቀመጥበት እኔ ነኝ፣ ታብሌቱ አይደለም።»

ተነስቶ ተጫነ፣ ለካ። ከኋላዋ የቀሩት አሥራ አንዱ ሞተሮችም ተሰለፉ። ኃላፊው ከቢሮው እየሮጠ ወረደ።

«ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ዘበኛ ነዎት!»

«አዎ። የሚወጣውን ንብረት መፈተሽ የዘበኛ ሥራ ነው፤ የሰጡኝ ወረቀት ላይ ተጽፏል።»

ኃላፊው የወረቀቱ ፊርማ የራሱ መሆኑ ትዝ አለው። ታብሌቱን አየ፤ ሃያ አራቱም አረንጓዴ ናቸው። ሰልፉን አየ።

«እንግዲያው ቶሎ ቶሎ ይበሉ፤ ፋርማሲዎቹ እየደወሉ ነው» ብሎ ወደ ደረጃው ተመለሰ።

ጋሽ ሠላሳ ሁለት በሩን አንድ ሞተር ብቻ በሚያሳልፍ መጠን ገርበብ አደረገና የቀጣይዋ ሞተር ጎማ ሥር ተንበረከከ።