ከል ያለበስነው አበባ

ባለፈው ሳምንት ደብረ ብርሃን የተከራየሁትን ቤት ቆልፌ ስወጣ፣ በሩ ላይ ከተንጠለጠለው ተክል አንድ ቅጠል በትከሻዬና በግድግዳው መካከል ተጨፈለቀና ሽታው ተከትሎኝ እስከ መንገዱ ወረደ፤ ትንሽ ሎሚ ሎሚ የሚል፣ ዝናብ ያራሰው ቆርቆሮ የተቀላቀለበት፣ ምሬት ያለው ሽታ ነው። በዚያ ሽታ ውስጥ ያደግሁባት ሞላሌ ነበረች፤ የቤታችን በረንዳ፣ በረንዳው ላይም አባቴ።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። በገበያ ቀን የስፌት መኪናውን በረንዳው ላይ አውጥቶ፣ ክሩን በጥርሱ እየበጠሰ ሲሰፋ ይውል ነበር፤ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ደግሞ ትምህርት ቤት ሳይከፈት የተማሪ ዩኒፎርም ለመስፋት ወደ መርሐቤቴ ወርዶ ይሰነብት ነበር። አንድ ዓመት ከዚያ ሲመለስ፣ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለሉ ጣት ጣት የሚያካክሉ ሦስት ቁራጮች አውጥቶ እናቴ ፊት ዘረጋቸው።

«ሰው ከቆላ ሲመጣ ሸንኮራ ይዞ ይገባል፤ አንተ ጭራሮ ተሸክመህ መጣህ?» አለችው።

«ጭራሮ አይደለም። ሲያድግ ከተተከለበት ቆርቆሮ ተርፎ ወደ ታች ይወርዳል። አበባው ቀይ ነው፤ ሲፈነዳ አሳይሻለሁ።»

«ይበላል?»

«አይበላም።»

«እንግዲያው በጎቹ ይሞክሩት።»

ስሙን ስላላወቀው «ወራጅ» አለው፤ ሰፈሩም ስሙን ለቀልድ ተቀበለና በደጃችን ያለፈ ሁሉ እንደ መኪና ተሳፋሪ «ወራጅ አለ» እያለ ይስቅበት ጀመር። አባቴ አብሯቸው እየሳቀ፣ በጨርቅ መቀሱ ቁራጮቹን ከአንጓቸው ዝቅ አድርጎ አስተካክሎ፣ የታችኞቹን ቅጠሎች አራግፎ፣ የተቆረጠው ቦታ እስኪጠግ ጥላ ውስጥ አሳድሮ፣ በሚስማር በበሳው የዘይት ቆርቆሮ ውስጥ አሸዋና የበግ በጠጥ የተቀላቀለበት አፈር ሞልቶ ተከላቸው። ሁለቱ በሰበሱ፤ አንዱ ያዘ።

ኅዳር ገብቶ አመዳዩ ሜዳውን ጨው የተነሰነሰበት ሲያስመስለው፣ አባቴ በየምሽቱ ቆርቆሮውን አቅፎ ያስገባና ከመኪናው አጠገብ አስቀምጦ አሮጌ ባና ያለብሰው ነበር። «እኔን እንዲህ ሸፍነኸኝ ታውቃለህ?» ትለው ነበር እናቴ። የበልጉ ዝናብ ሲጥል በረንዳው ላይ በሽቦ ሰቀለው፤ ሐረጎቹ ክንድ ያህል ወርደው ሚያዝያ ላይ ጫፋቸው እንቡጥ ያዘ። ያን ጊዜ አባቴ ታሞ ተኝቶ ነበር። ከውጭ በገባሁ ቁጥር ዓይኑን ገልጦ «አንቺ፣ ፈነዳ?» ይለኝ ነበር፤ እኔም «ገና ነው አባባ» እለው ነበር።

ግንቦት ላይ አረፈ። አበባው የፈነዳው በሳልስቱ ነው፤ እንዳለውም ቀይ ነበር።

ከራቤል የመጣችው የአባቴ ታላቅ እህት፣ አክስቴ ጥሩወርቅ፣ ስታለቅስ ቆይታ ቀና ስትል አየችው። «የወንድሜ ደጃፍ የሰርግ ቤት መሰለ» አለች። «ሰው ምን ይላል?»

እናቴ ከሏን እንደለበሰች ቆርቆሮውን አውርዳ ወደ ጓሮ ወሰደችው። ልትጥለው ነው ብዬ ተከተልኳት። ታቅፋው ለረጅም ጊዜ ቆመች፤ ከዚያ መልሳ ሰቀለችውና የፈነዳውንም ያልፈነዳውንም በጥፍሯ ቀጠፈችው።

«እሱም ከል ይልበስ» አለች።

ክረምቱን ሙሉ ማለዳ ስትነሳ መጀመሪያ ወደ በረንዳው ወጥታ፣ ሐረጉን እየዳበሰች ያደረውን እንቡጥ ከነጫፉ ትቀጥፍ ነበር። ጫፉ የተቀጠፈ ሐረግ በጎኑ ሁለት ሆኖ እንደሚወጣ እሷም አታውቅም፣ እኔም አላውቅም ነበር። መስከረም ላይ ቆርቆሮው በቅጠል ተውጦ አይታይም ነበር። ኅዳር ሲመጣ፣ በአባቴ ስትስቅ የነበረችው እናቴ በየምሽቱ አቅፋ እያስገባች ያንኑ ባና አለበሰችው። በልጉ ሲዘንብም ወራጁ እንደ ጋቢ ወፍሮ መሬት ነካ። ያኔ ሲቀልዱ የነበሩት ጎረቤቶች እየቆሙ «ምን ብታጠጪው ነው እንዲህ የፋፋው?» ይሏት ጀመር።

እናቴ ታፍር ነበር። «እኔ አስለቅሰዋለሁ፣ እሱ ይወፍራል» አለችኝ አንድ ቀን፣ ከሐዘን ቤት ወጥቶ ሲበላ እንደተገኘ ሰው እያየችው።

«አንዷን ብቻ ተዪያት እማዬ» አልኳት። «አባባ አሳይሻለሁ ብሎሽ አልነበር?»

«ሙት ዓመቱ ይውጣ።»

ስለዚህ ሙት ዓመቱን እንደ በዓል ጠበቅሁት። ካህናቱ ፍትሐቱን አድርሰው፣ ዘመድ በልቶና ጠጥቶ፣ እናቴ ከሏን አውልቃ ነጭ ለበሰች። አክስቴ ልትሄድ ስትነሳ በረንዳው ላይ ቆማ እጇን በቅጠሉ ውስጥ ሰደደች።

«በይ አሁን ተዪው፤ ያብብ» አለቻት። «ያን ጊዜ ያናገረኝ ሐዘን ነው።»

«እሺ እትዬ» አለች እናቴ።

በማግስቱ ተሽቀዳድሜ ወጣሁ። እናቴ ቀድማኝ ነበር፤ መዳፏ ላይ አረንጓዴ እንቡጦች ነበሩ።

«እማዬ፣ ሙት ዓመቱ ወጣ እኮ።»

«አውቃለሁ» አለችና የሌላ ሰው እጅ የምታይ ይመስል መዳፏን ተመለከተች። «ነገ እተወዋለሁ።»

በማግስቱም አልተወችውም፤ በሚቀጥለው በልግም፣ ከዚያ በኋላ በመጡት በልጎችም አልተወችውም።

እኔ ከሞላሌ ስወጣ አንድ ቁራጭ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ይዤ መጣሁ። ጫፉን ስለማልነካው የእኔ ቀጭን ነው፤ ሐረጉ በጣት ይቆጠራል፣ ግን ያብባል። እናቴ ስትደውል ጤናዬን ትጠይቃለች፣ መቼ እንደማገባ ትጠይቃለች፣ ልትዘጋው ስትል «ወራጁ አበበ?» ትለኛለች።

«አበበ።»

«ቀይ ነው?»

«ቀይ ነው እማዬ።»

«እንግዲያው አትንኪው» ትለኛለች።

ሞላሌ በየማለዳው የሚቀጠፈው እንቡጥ ለማን እንደሚቀጠፍ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ የእኔ ግን በጊዜው ይፈነዳል፣ በጊዜው ይረግፋል፣ በደጄ የሚያልፈውም ሰው አባቴን አያውቀውም።