ማንም ያልፈለገው ጉድጓድ

ክሬሰንት ታውን በሚባለው ሰፈራችን፣ ከቤቴ በር ፊት ለፊት የሚኖሩት ሽማግሌ አገር ቤት ሳሉ የታሪክ መምህር ነበሩ። እዚህ ደግሞ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ፓርኪንግ ጠብቀዋል። "ጋሼ" ነው የምላቸው። አንድ ቀን ከሕንጻችን ላውንደሪ፣ ከልብስ ማጠቢያው ክፍል፣ ሰው ትቶት የሄደውን መጽሐፍ አንሥተው መጡ። አሜሪካ ውስጥ፣ በበቆሎ እርሻ መሀል ያለች የአንዲት ትንሽ መንደር ታሪክ ነው። መንደሯ ከአንድ መንገድ፣ ከአንድ ቤተ ክርስቲያንና ከአንድ ጎተራ በቀር ይህ ነው የሚባል ነገር የላትም። ጋሼ ግን በሳምንት ውስጥ ሁለቴ አነበቡት።

"ና እስቲ" አሉኝ፣ ሁለት ቦታ በእርሳስ አስምረው። "እዚህ ላይ የመንደሯን የውኃ ጉድጓድ የቆፈረው ባለወፍጮው ነው ይላል። እዚህ ደግሞ ሰባኪው ነው ይላል። ሁለቱም እውነት ሊሆን አይችልም።"

"ታዲያ እኛን ምን ቸገረን፣ ጋሼ?"

"ታሪክ ነዋ! ኮል አድርግና ጠይቅልኝ። የስልክ እንግሊዝኛ ለጆሮዬ አይመቸኝም።"

የመንደሯ ቤተ መጻሕፍት ደወልኩ። ስልኩን ያነሣችው ሴት መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ለካ የመጽሐፉን ግማሽ የባለወፍጮው ዘሮች፣ ግማሹን የሰባኪው ዘሮች ጽፈውት ኖሯል። በዚያ ጉድጓድ የተነሣ ሁለቱ ቤተሰቦች ከአያቶቻቸው ጀምሮ አይነጋገሩም።

ጋሼ ይህን ሲሰሙ መነጽራቸውን አወለቁ። "ሽማግሌ አልገባም?"

"ማንም አልሞከረም አለች።"

"እንግዲያው እንሄዳለን።"

ምን እንደነካኝ እስከ ዛሬ አላውቅም፣ ኢቶቢኮ ከምሠራበት ዌርሃውስ ሁለት ቀን ኦፍ ጠየቅሁ። የአሜሪካ ድንበር ላይ አንድ መኮንን የመንደሯን ስም ካርታ ላይ ሲፈልግ ቆየ።

"ምን ልትሠሩ ነው የምትሄዱት?"

"ሁለት ቤተሰብ ልናስታርቅ።"

"ዘመዶቻችሁ ናቸው?"

"አናውቃቸውም።"

ጎንበስ ብሎ በመኪናው መስኮት ጋሼን አያቸው። ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባት አስረው፣ መጽሐፉን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ከአንድ ሰዓት ጥያቄ በኋላ ለቀቀን።

የቤተ መጻሕፍቷ ሴት ከባለወፍጮው ወገን አንድ አዛውንት፣ ከሰባኪው ወገን አንዲት አሮጊት ጠርታ ጠበቀችን። ከጠረጴዛው ወዲያና ወዲህ ጫፍ ተቀምጠዋል። ጋሼ በእኔ አስተርጓሚነት፣ አንዱ ሲናገር ሌላው እንዳያቋርጥ አዘዙ።

"የቆፈረው የእሷ አያት ነው" አሉ አዛውንቱ።

"የእሱ አያት ነው እንጂ!" አሉ አሮጊቷ።

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። "አስተካክለህ ተርጉም።"

"አስተካክዬ ነው የተረጎምኩት፣ ጋሼ።"

ነገሩ የገባን ያኔ ነው። እንደነገሩን፣ ጉድጓዱ አንድ በጋ ሙሉ ተቆፍሮ ጠብታ ውኃ አልወጣውም ነበር። የጎረቤት መንደሮች ስቀውባቸዋል። ሁለቱ ቤተሰቦች ይጣሉ የነበረው ለክብሩ አልነበረም፤ ውርደቱን አንዱ በሌላው ላይ ሲያላክክ ነው የኖረው።

"ጉድጓዱ አሁን የት አለ?" አሉ ጋሼ።

ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ በዛገ ቆርቆሮ ተከድኖ ነበር። ከሁለቱ አዛውንቶች ልጅነት ጀምሮ ማንም ከፍቶት አያውቅም። ቆርቆሮውን ገፋሁት። ጋሼ ድንጋይ ጣሉ። ከታች የውኃ ድምፅ መጣ።

ሁላችንም ጎንበስ ብለን ወደ ታች አየን።

"አያቴ እኮ ጠንካራ ሠራተኛ ነበር" አሉ አዛውንቱ።

"የማን አያት? የቆፈረው የእኔ አያት ነው!" አሉ አሮጊቷ።

"አሁን እኮ 'የእኔ አያት አይደለም' ስትሉ ነበር!" ብለው ጋሼ በአማርኛ ጮኹባቸው። መተርጎም አላስፈለገኝም።

ምሳ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ቀረበ። ሁለቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ ከሩቅ ሆኖ መከራከር ሳይከብዳቸው አልቀረም። የቤተ መጻሕፍቷ ሴት ዓይኗ እንባ አቅሮ፣ ጎን ለጎን እንኳ ቆመው አይታ እንደማታውቅ በጆሮዬ ነገረችኝ።

"ምን እያሉ ነው?" አሉኝ ጋሼ፣ የፖም ኬካቸውን እየቆረሱ።

"የተቆፈረበት አካፋ የማን እንደነበር ነው የሚከራከሩት።"

"ጻፈው" አሉኝ። "መጽሐፉ አካፋውን አላነሣውም።"