አንድ እግሩ ከደጅ

ፈላና በር ከሚባለው ሰፈር ካለው የዐዚዛ ሱቅ ቀለም የሚገዛው ባለካኪ ኮት አንካሳ፣ የቱንም ያህል «ይግቡ» ቢባል አንድ እግሩን ከደጅ ሳያስቀር ቆሞ አያውቅም። ዛሬ የሚረጨው ቀለም አስቸግሮት መጣ።

«አየሩ ይወጣል፤ ቀለሙ እንቢ አለኝ።»

ዐዚዛ ጣሳውን ናጠችው፤ አፉን ነቅላ በመርፌ ጠረገችው። ይዟት በመጣት ትንሽ የእንጨት አውቶቡስ ላይ ስትሞክረው ቀዩ ፊን ብሎ ወጣ።

አውቶቡሷ ቀይ ስትለብስ፣ ግንባሯ ላይ የተቀረጸችውን ጨረቃ አይታ ዐዚዛ ክው አለች። ዐምና ገደል ገብቶ ወንድሟን የበላው፣ ከሾፌር እስከ ረዳት ማንም አልተረፈበትም የተባለው ባለጨረቃ ቀይ አውቶቡስ አምሳያ ነው። በየወንበሩ ከእንጨት የተጠረቡ ሰዎች ተቀምጠዋል፤ የሾፌሩ ቦታ ብቻ ባዶ ነው።

«ሾፌሩን ረሱት እንዴ ጋሼ?» አለች።

«አልረሳሁትም» አለ፣ ከደጅ የቀረ እግሩን እያየ። «ቀድሞ ዘሎ ወርዷል።»